ለትልቅ ቤተሰብ የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና አመራረጥ በምዕራብ ደቡብ ወሎ

በወግዲ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች ለትልቅ ቤተሰብ የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና ለመምረጥ ከወንበር ቁጥር በፊት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል፦ መኪናው በሕግና በአሠራሩ የሚፈቀድለት የጭነት መጠን፣ ባትሪው ዳገት ወጥቶ የሚተርፈው ኃይል፣ እንዲሁም መኪናው አድሮ የሚሞላበት ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ጥራት። ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ወንበርና «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር» ስለሚለው ቁጥር ብቻ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በዚህ መልክዓ ምድር ላይ እንዳሉ አይሠሩም።

ወግዲ በአማራ ክልል በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን በምዕራብ በኩል የዓባይ ወንዝ ከምሥራቅ ጎጃም ይለየዋል። መካነ ሰላም የጎረቤቱ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከደሴ በጊምባና በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። «ትልቅ ቤተሰብ» ሲባል በአካባቢው አባትና እናት ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች ጋር ብቻ ማለት አይደለም። አያት፣ ለትምህርት የመጣ የእህት ልጅ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ የተገኘ የአገር ሰው ይጨመርበታል።

ዳራ

የኤሌክትሪክ መኪና በኢትዮጵያ መገጣጠም የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያቋቋመው ማራቶን ሞተር በዚያን ጊዜ የሂዩንዳይ አዮኒክን የኤሌክትሪክ መኪና አቀረበ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡም ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚመጣ ደግሞ ዜሮ ሆነ። የቀረጥና የታክስ መመሪያዎች ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻሉ ገዥ ከመዋዋሉ በፊት በወቅቱ የሚሠራበትን ማጣራት ይኖርበታል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ የኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ለመግዛት የተነሣ ቤተሰብ ጥያቄው «ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ ነዳጅ» መሆኑ ቀርቶ «የትኛውን ኤሌክትሪክ» ወይም «ያገለገለ የነዳጅ መኪና አገር ውስጥ ልፈልግ» ሆኗል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ቤንዚን በትንንሽ ከተሞች በሃይላንድ ተሞልቶ በውድ በሚሸጥበት ጊዜ ይህ ለደጋው ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ኃይል መመንጨቱ አንድ ነገር ነው፤ በቤቱ ሶኬት ላይ ሳይቆራረጥ መገኘቱ ሌላ ነው።

መንገዱና ዳገቱ

የኤሌክትሪክ መኪና ለደጋ የሚመች ጠባይ አለው። የነዳጅ ሞተር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ኦክስጅን ስለሚያንሰው ጉልበቱን ያጣል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር መካነ ሰላም ከፍታ ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው እንዲህ ዓይነት ችግር የለበትም። እንዲያውም ስስ አየር መኪናውን የሚገታበት ኃይል ዝቅ ስለሚል በሜዳማው ደጋ ላይ ትንሽ ኃይል ይቆጠባል።

ችግሩ ዳገቱ ራሱ ነው። ከነተሳፋሪውና ከነዕቃው ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ቀጥ ብሎ 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በሞተርና በባትሪ የሚባክነው ሲታከል ወደ 9 ይጠጋል። ይህ በሜዳ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ኃይል ነው። ሲወርድ ከዚህ የተወሰነው ይመለሳል። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው (በኤሌክትሪክ መኪናም ስሙ አልተለወጠም) ሲያነሣ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል። የሚመለሰው ግን ከወጣው ያነሰ ነው፤ ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ሆኖ ፍሬን በብዛት ከተረገጠ ደግሞ የበለጠ ያንሳል።

ከአዲስ አበባ ወደ መካነ ሰላም የሚወስዱት ሁለቱ ዋና መንገዶች በዚህ ረገድ ይለያያሉ። አንደኛው በደሴ በኩል የሚሄደው ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ሆኖ መንገዱ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ 1,300 ሜትር አካባቢ ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ በኋላ በሐረጎ ዳገት በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ወጥቶ ደሴ ይገባል። ከደሴ በኋላም ወደ ጊምባ ሲዘለቅ ብርዳማውን የላይኛውን ደጋ ያቋርጣል። ሁለተኛው በደጀንና በመርጡለ ማርያም በኩል የሚሄደው ነው። ይህ መንገድ ዓባይን አንድ ጊዜ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከጎጃም ወደ ቦረና ሲሻገር በድምሩ ሁለት ጊዜ ያቋርጣል። ስለዚህ ሁለት ጥልቅ ሸለቆ መውረድና ሁለት ጊዜ መውጣት ግድ ነው። ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ መኪና ይዞ ወደ ሸለቆው መውረድ ቀላል ነው፤ ከወንዙ ዳር ሆኖ ቻርጀር መፈለግ ግን አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ነገር አለ። መኪናው መካነ ሰላም አድሮ መቶ በመቶ ተሞልቶ በጠዋት ወደ ዓባይ ቢወርድ ባትሪው ሙሉ ስለሆነ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል መቀበያ ቦታ የለውም። ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በተራ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ይግላል። ወደ ሸለቆው ለሚወርድ መኪና ባትሪውን 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል። ወደ ደሴ ለሚመለስ ግን እስከ መጨረሻው መሙላት ተገቢ ነው።

የባትሪ ስሌት

በማስታወቂያ የሚነገረው የኪሎ ሜትር መጠን የሚለካው በተለያየ ዘዴ ነው። ሲኤልቲሲ የተባለው የቻይና ዘዴና ኤንኢዲሲ የተባለው አሮጌው የአውሮፓ ዘዴ ዝግ ያለ ጉዞን መሠረት ስለሚያደርጉ ቁጥራቸው የተጋነነ ነው። ደብሊውኤልቲፒ የሚባለው ለእውነታው ይቀርባል። በቻይና መለኪያ 600 ኪሎ ሜትር የተባለ መኪና፣ ሰው ሞልቶ በደጋው መንገድ ላይ 400 ካስኬደ እንደ ደህና ይቆጠራል።

የተሻለው መንገድ ቤተሰቡ ራሱ የሚያሰላው ስሌት ነው። ሰባት ሰውና ዕቃ የጫነ ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል ቢባል፣ ከደሴ መካነ ሰላም ለመድረስ 40 ያህል ያስፈልገዋል። ለውጣ ውረዱና ለማሞቂያው ትንሽ ሲጨመር ወደ 50 ይጠጋል። ደርሶ ለመመለስ 100 ማለት ነው። 77 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንግዲህ መካነ ሰላም ላይ ሳይሞላ ደሴ ሊመለስ አይችልም።

ጉዞው ለሠርግ ወይም ለበዓል ከሆነ ይህ ችግር አይደለም፤ እንግዳው ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ መኪናውም ቀስ እያለ ይሞላል። ፈተናው ለቅሶ ነው። መርዶ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ባትሪው በዚያች ሌሊት ስንት በመቶ ላይ እንዳለ ማንም አልተዘጋጀበትም፤ ቀብሩ ደርሶ ሁሉም ሰው ባንድነት መሄድ አለበት፤ ከፊሉ በማግሥቱ ወደ ሥራ ይመለሳል። በወሎ ከቀብር መቅረት ለዘመን የሚተርፍ ቅያሜ ስለሚሆን መኪና የሚመዘነው በዚህ ቀን ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለተኛ መኪና የሌለው ቤተሰብ ባትሪውን ከግማሽ በታች አውርዶ ማሳደር የለበትም፤ ከተቻለ ደግሞ ከ80 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚይዝ ባትሪ መምረጥ ይኖርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገዶች በድንገት ስለሚዘጉም፣ መኪናው ከግማሽ መንገድ ወደ ተነሣበት የሚመልሰው ኃይል ሊኖረው ይገባል።

የባትሪው ዓይነትም ይታያል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሙሉ በሙሉ መሞላትን ይችላል፤ በእሳት የመያያዝ አደጋውም ዝቅተኛ ነው። በብርድ ግን ፈጥኖ አይሞላም፤ በደጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ላይ ይህ ይታወቃል። ኒኬል ያለባቸው ባትሪዎች ለክብደታቸው የበለጠ ኃይል ይይዛሉ፤ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ተሞልተው ሲያድሩ ግን ቶሎ ያረጃሉ።

በቤት ውስጥ መሙላት

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን የመሙያ ጣቢያዎችን ከፍቷል። ከዋና ከተማዋ ውጭ ግን ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ የደጋው ቤተሰብ በሙሉ ልቡ ሊተማመን የሚችለው በራሱ ቆጣሪ ላይ ብቻ ነው።

ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በተራ ሶኬት ሲሰካ 2 ኪሎ ዋት ያህል ብቻ ይስባል። በአሥር ሰዓት ሌሊት የሚገባው 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ከላይ በተሰላው ጉዞ የወጣውን 50 ለመመለስ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በግድግዳ ላይ የሚተከለው 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር በዚያው ሌሊት 70 ያስገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መኪና ከመቀየር ይበልጣል። ለዚህ ቻርጀር ግን ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ የሆነ፣ 32 አምፔር የሚችል የ6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። ዲቫይደር ላይ ሰክቶ መኪና ማሳደር ሽቦ የሚያቀልጥ፣ ቤት የሚያቃጥል ሥራ ነው።

በገጠር ከተሞች ሦስት ነገሮች ቻርጀርን ያስቸግራሉ። አንደኛ፣ ብዙ ቤቶች የመሬት መስመር (ኧርዝ) የላቸውም፤ ቻርጀሩ ይህን ሲያጣ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ብዙ ሰው ቻርጀሩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የሚያስፈልገው ግን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚተከል የመዳብ ዘንግ ነው። ሁለተኛ፣ ማታ ሁሉም ሰው ሲጠቀም ቮልቴጁ ከ220 በጣም ስለሚወርድ ሙሌቱ ይቋረጣል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲጀምር ሰዓት መሙላት ይረዳል። ሦስተኛው ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ከመኪናው ጋር በአንድ ጊዜ ከሠራ ተራ የቤት ቆጣሪ አይችለውም። ለስምንት ሰው እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማን ቅድሚያ እንዳለው ግልጽ ስለሆነ፣ መኪናው ተራውን ይጠብቃል።

አንዳንድ መኪናዎች በተቃራኒው ከባትሪያቸው 220 ቮልት ወደ ውጭ ይሰጣሉ። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ እንደ ጌጥ ሊታይ አይገባም፤ ፍሪጅ፣ አምፖልና ስልክ ለቀናት ያሠራል። የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ብቻ ስለሆነ ግን ምጣዱን መቻላቸው ያጠራጥራል።

ወንበር፣ ዕቃና ክብደት

ሰባት ወንበር ያለው መኪና ሰባት ሰው ከነዕቃው ይጭናል ማለት አይደለም። ባትሪው ብቻውን ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ለጭነት የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ነው። ሰባት ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን 455 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ጤፍ ሲጨመር 555 ይደርሳል፤ ውሻውና ሻንጣው ገና አልተቆጠሩም። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል፤ ከሻጩ አፍ ይልቅ ይህን ማንበብ ይሻላል። ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ፍሬኑ ይረዝማል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ሆዱም መሬት ይነካል።

ሦስተኛው ረድፍ ሲነሣ የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ በብዙ ሰባት ወንበር መኪናዎች ከ300 ሊትር በታች ይሆናል፤ ሁለት መካከለኛ ሻንጣ ከገባበት ሞላ ማለት ነው። ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን ይቻላል፤ ሆኖም ጣሪያው የሚችለው ክብደት ትንሽ ከመሆኑም በላይ ነፋሱ ባትሪውን ይበላል። ሦስተኛውን ረድፍ ለልጆች ካልሆነ ለአዋቂ አለመገመት ይመረጣል፤ አያት እዚያ ገብተው 180 ኪሎ ሜትር መቀመጥ አይችሉም።

ከታወቁት ሰባት ወንበር የኤሌክትሪክ መኪናዎች አንዱ በአዲስ አበባ መንገዶች የሚታየው ፎልክስዋገን አይዲ 6 ነው። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ሶፍትዌሩ ቻይንኛ፣ የመሙያ ቀዳዳው ጂቢ/ቲ የተባለው የቻይና ዓይነት ነው። ሲሲኤስ2 የተባለ የአውሮፓ መሰኪያ ብቻ ያለው ጣቢያ አይሞላውም። ቢዋይዲ ኤም6 ሰባት ወንበር ኖሮት በ55.4 ወይም በ71.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ የቀረበ ነው፤ ለከተማ ይበቃል፤ ለመካነ ሰላም ጉዞ ትልቁ ባትሪ እንኳ ጠባብ ነው። ቢዋይዲ ታንግ 108.8፣ ኪያ ኢቪ9 ደግሞ 99.8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አላቸው፤ በርቀት ረገድ ለዚህ መንገድ የሚመጥኑት እነዚህ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን የብዙ ቤተሰብ አቅም አይደለም። ስምንትና ከዚያ በላይ ሰው ላለው ቤት በደብረ ብርሃን በበላይነህ ክንዴ ግሩፕ የሚገጣጠሙትን የመሰሉ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች መታየት ይችላሉ፤ ሆኖም የተሠሩት ለከተማ ታክሲ አገልግሎት ስለሆነ ረጅም ዳገት ላይ ርቀታቸው ያጥራል።

አምስት ወንበር ያለው ትልቅ ባትሪ መኪና ገዝቶ የቀረውን ሰው በሕዝብ ማመላለሻ መላክም አንድ አማራጭ ነው። ሲታይ የማይረባ ቢመስልም፣ ሦስተኛው ረድፍ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ከሁሉ የሚያዋጣው ይህ ሊሆን ይችላል።

ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ወግዲ ቀበሌዎች ለሚገባ ሰው የመኪናው ከመሬት ከፍታ ወሳኝ ነው። ብዙዎቹ የቻይና የቤት መኪናዎች ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆኑ ባትሪው ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ድንጋይ ሲመታው የሚጎዳው ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ ነው። የባትሪው መከላከያ ብረት ካለ ይጠየቃል፤ ከሌለ አገር ውስጥ ማሠራት ይቻላል። ክረምት ዋልካ ላይ በሁለት ጎማ ብቻ የሚገፋ ከባድ መኪና ይዋጣል። ብዙዎቹ ስኮርታ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ ሙጫና ትንሽ መንፊያ ይዘው ይመጣሉ። ሙጫው በድንጋይ የተቀደደ ጎማ አያድንም፤ ጎሚስታ ደግሞ በየመንገዱ አይገኝም። ስለዚህ ስኮርታ ገዝቶ መያዝ ግድ ነው፤ እርሱም ከዕቃ ማስቀመጫው ላይ ቦታ ይወስዳል።

ውሻ ያለው ቤተሰብ

በአካባቢው ውሻ በአብዛኛው ግቢ ጠባቂ ነው። እንዲህ ያለው ውሻ መኪና አያስፈልገውም፤ ቤተሰቡ ሲሄድ የእሱ ሥራ ይጀምራል። ጥያቄው የሚነሣው በአዲስ አበባ ወይም በደሴ ውሻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያሳድጉና ለብዙ ቀን ጥለውት መሄድ ለማይችሉ ነው።

ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የአንድ ልጅ ያህል ክብደትና ከአንድ ወንበር የበለጠ ቦታ ይወስዳል። ሰባቱም ወንበር ከተያዘ ቦታ የለውም። ከሦስተኛው ረድፍ ግማሹን አጥፎ፣ በሰውና በውሻው መካከል የብረት መረብ ወይም ሳጥን ማስገባት የተለመደው መፍትሔ ነው። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ጭምር ተቀላቅለው ስለሚኖሩ መለያው ሌላም ጥቅም አለው። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ለሶላት መታጠብ ስላለበት፣ የጎረቤት አዛውንት በመኪናው እንዲሳፈሩ የሚፈልግ ቤተሰብ ውሻው ከወንበሮቹ ጋር እንዳይነካካ ያደርጋል።

ጠመዝማዛ መንገድ ውሻን ያስታውካል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ድንገት የመፍጠንና ድንገት የመግታት ጠባይ ደግሞ ያብሰዋል። ከመነሻው ሰዓታት በፊት ምግብ አለመስጠትና የኃይል መመለሻውን ለስላሳ ደረጃ ላይ ማድረግ ይረዳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ምሳ ለመብላት ውሻውን መኪና ውስጥ ዘግቶ መውረድ ሊገድለው ይችላል። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ተቆልፈው ማቀዝቀዣቸው እየሠራ መቆየት ይችላሉ፤ ባትሪው ካነሰ ግን አሠራሩ ራሱን ሊያጠፋ ስለሚችል በእሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ደንቆሮ ጫካን የያዘው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ቀይ ቀበሮን በብዛት ከሚጨርሱት መካከል ከቤት ውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ይገኙበታል። ከከተማ የሚመጣ ውሻ ስለዚህ ለሁለቱም በሽታዎች አስቀድሞ መከተብ አለበት፤ ክትባቱ ለእብድ ውሻ በሽታ በየጊዜው ይታደሳል። ቤተሰቡ ወደ ፓርኩ በሚሄድበት ቀን ውሻው ከተማ ውስጥ ይቆያል፤ በዚያ ቀን ሦስተኛው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ለሰው ይሆናል።